አጎቴን የገደለው ጥያቄ

ማሽን ከምትጠይቅ ሰው ጠይቅ ብሎ የመከረኝን ሰው አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው ደስታዬ ነው። አልመታውም። አስተማሪ ነኝ፤ ከተማው ሁሉ የተማሪ ወላጅ ነው። ብቻ ክንዱን ያዝ አድርጌ፣ ጥላ ፈልጌ አስቀምጬ፣ የደረሰብኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልነግረው እፈልጋለሁ። እሱ እስኪገኝ አንተ ስማኝ ወዳጄ። ሥራ ካለህም ይቆይ፤ ሥራ የት ይሄዳል?

ዘንድሮ ስልክህን ከፍተህ ማሽኑን የፈለግከውን ብትጠይቀው ይመልስልሃል። ጨዋ ነው። አይሳደብም፣ አይሰለችም፣ "ይሄን እንኳ አታውቅም?" አይልህም። ታዲያ ምን ጎደለው? ሰው አይደለም። እኛ ደግሞ ሰው ያልነካው ነገር አይጥመንም። ስለዚህ ጥቂት የመቐለ ልጆች ሰብሰብ ብለው "ሰው ይመልሳል" የሚል የጥያቄና መልስ ግሩፕ ከፈቱ። መፈክሩ "እውነተኛ ጥያቄ፣ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ መልስ" ይላል። ከሦስቱ ስለ ሁለተኛው እኔ ምስክር ነኝ። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው። ከነጫማቸው አይቻቸዋለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ መልሶቹ ልንገርህ። አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር አለ። ኮርኒሱ ውስጥ አይጦች ገብተው እንቅልፍ ነሱት። ግሩፑ ላይ "አይጥን ከኮርኒስ እንዴት ማስወጣት ይቻላል?" ብሎ ጠየቀ። አጭርና ግልጽ፤ የሒሳብ ሰው አይደል? የመጀመሪያው መላሽ "እኔም ይሄ ችግር አለብኝ" አለ። ሁለተኛው "እኔም" አለ። ሦስተኛዋ "መልሱን ስታገኝ ንገረኝ" አለች። አንዱ "በጸሎት በርታ" አለው። አንዱ "ኢንቦክስ ና" ብሎ ጠርቶት፣ ሲሄድለት ሽቶ ሊሸጥለት ሞከረ። ለአይጡ ይሁን ለእሱ አላብራራም። አንዷ ተቆርቋሪ ደግሞ "አይጥ የሚገባው እህል ያለበት ቤት ነው፤ ፈጣሪህን አመስግን" ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ሁሉ መሐል ከልባቸው ሊረዱት የፈለጉ አንድ ሽማግሌ ተገኙ። እሳቸውም መልሱን ከመስጠታቸው በፊት "ወዲ መን ኢኻ?" ብለው ጻፉለት። የማን ልጅ ነህ ማለታቸው ነው።

አትሳቅ። እኛ ከተማ የማን ልጅ እንደሆንክ ሳይታወቅ መልስ አይሰጥህም። መንገድ ብትጠይቅ እንኳ መጀመሪያ አባትህ ይጣራል። የሒሳቡ መምህር የአባቱን ስም ጻፈ። ሽማግሌው የአያቱን ጠየቁ። ወደ ላይ ሲወጡ ሲወጡ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። አሁን በበዓል ይጠያየቃሉ። አይጦቹም ደህና ናቸው።

ይሄን ሁሉ እያየህ አንተ ለምን ጠየቅክ ትለኝ ይሆናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የኔ ችግር ደግሞ ራሱ ማግባቱ ነበር።

ምሕረት የምትባል ልጅ እወዳለሁ። ዓይደር አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ መድኃኒት ሻጭ ናት፤ ተምራበት ነው እንጂ እንዲያው ቆማ አይደለም የምትሸጠው። የምትኖረው ግን ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ አይተ ግርማይ ይባላሉ፤ አይተ በትግርኛ አቶ ማለት ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሽማግሌ በመመለስ ደግሞ እሳቸውን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ርእሰ መምህራችንንና ሁለት ባልደረቦቼን ልኬ ነበር። ገና "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ሳይጨርሱ "ይሄ ልጅ አፍ ያለው ዘመድ የለውም?" ብለው አሰናበቷቸው። ሦስቱም አስተማሪዎች ናቸው እንግዲህ፤ ዕድሜ ልካቸውን በአፋቸው ያደሩ።

አፍ ያለው ዘመድ አለኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሓወቦይ ተስፋይ። ሓወቦይ በትግርኛ አጎቴ ማለት ነው፣ በአባት በኩል። እናቴ የደሴ ሰው ስለሆነች አማርኛው ከእሷ ነው፤ አፉ ግን ከዚህኛው ወገን ነው የሚገኘው፣ እሱም ለእኔ ሳይደርሰኝ ሓወቦይ ላይ ቀረ። ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ያልተጣላውንም እንዳይጣላ አስቀድመው ይመክራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በወጣትነታቸው ከአይተ ግርማይ ጋር በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ጓደኛሞች ናቸው። በኋላ ኑሮ አራራቃቸው። "ተስፋይ ሊመጣ ነው" ሲባሉ አይተ ግርማይ "እሱ ከሆነ እሰማዋለሁ፤ እሑድ ይምጣ" አሉ። እሰማዋለሁ አሉ እንጂ እሰጠዋለሁ አላሉም።

እሑድ ደግሞ መቅረት አይቻልም። በቀጣዩ ሳምንት አንድ የሕንጻ ዕቃ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ነጋዴው ሦስት ከባድ መኪና አለው። ለጡረተኛ ሹፌር ሦስት ከባድ መኪና ምን ማለት እንደሆነ አንተው አስበው። ምሕረትን ከእጄ የሚያስወጣት አንድ ያልተሳካ እሑድ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሓወቦይ ተስፋይን ስቅታ ያዛቸው።

ስቅታ! ጉንፋን ቢሆን ሳል ነው ይባላል። ጉልበት ቢሆን ከዘራ አለ። ስቅታ ግን ምን ተብሎ ይነገራል? ምሳ በልተው ሲነሱ ጀመራቸው፣ ረቡዕም አለ፣ ሐሙስም አለ። ሐሙስ ማታ የእሑዱን ንግግር ልንለማመድ ተቀመጥን። "የተከበርክ ወንድሜ ግርማይ" አሉ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፤ እሰየው አልኩ። "ከአንተ ቤት የመጣነው… ስቅ! ልጅህን… ስቅ! ለልጃ… ስቅ!" ነጠላቸውን ወረወሩት። "ዝወደይ፣ ልጄ፣ በዚህ ዓይነት እንኳን ሚስት፣ ጨው ተበደር ብለው ቢልኩኝ አይሰጡኝም" አሉኝ።

ያልሞከርነው የለም። ትንፋሻቸውን ይዘው ውሃ ጠጡ። ስኳር ቃሙ። የግቢው አዛውንት አደይ ለምለም፣ እሳቸው ራሳቸው በዚያ ሳምንት አሟቸው ተኝተው የሰነበቱት፣ ተነሥተው መጥተው በሓወቦይ ግንባር ላይ ክር በምራቅ ለጠፉላቸው። ይሄ ለሕፃን ነው እንጂ ለሰባ ዓመት ሰው ይሆናል ወይ ብል፣ "ስቅታ ዕድሜ አይጠይቅም" አሉኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ሓወቦይ ተቆጡ። "ሰው ታሞ በሚሰለፍበት ቦታ እኔ ስቅ ስቅ እያልኩ ልሰለፍ? ከበሽታው ይልቅ ሳቃቸው ነው የሚገድለኝ" አሉ።

ምሕረትን ለምን አልጠየቅክም በለኝ። ይሄን ጥያቄ ሌላ ሰውም ጠይቆኛል፣ እንደርስበታለን። ያን ጊዜ የመሰለኝ እንዲህ ነው፦ የሙሽራው ወገን ጉድለቱን ለሙሽሪት ወገን አያሳይም። ሽማግሌያችን ተበላሽቷል ተብሎ ለአይተ ግርማይ ልጅ ይነገራል እንዴ? ነውር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከአንዲት ሴት ለመደበቅ ብዬ ለከተማው በሙሉ ጻፍኩት። ብልህ ነኝ።

እዚህ ላይ ሥራዬ ጎዳኝ። የማስተምረው አማርኛ ነው። ድርሰት ማለት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነው እያልኩ ልጆቹን ሳሰቃይ ነው የምውለው። ደግሞስ እኛ አገር የማታውቀውን ሰው በጥያቄ ፊት ለፊት ትመታዋለህ? መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ከዚያ ማን እንደሆንክ አለ፣ የምትጠይቅለት ሰው ምን ዓይነት ክቡር ሰው እንደሆነ አለ። ጥያቄው መጨረሻ ላይ፣ ሳይቸኩል ይመጣል። አርብ ከሰዓት ክፍሌን ጨርሼ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ይጀምራል፦ "ሓወቦይ ተስፋይን የማያውቅ የመቐለ ሰው አለ ለማለት ይቸግራል። በደግነታቸው፣ በአስታራቂነታቸውና በአንደበተ ርቱዕነታቸው ሁላችንም የምንኮራባቸው እኚህ ታላቅ አባት ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በድንገት…"

ከዚያ በኋላ ስቅታው አለ፣ የተሞከረው መድኃኒት አለ፣ በመደምደሚያው "እንግዲህ ስቅታን የሚያቆም ነገር የምታውቁ ብትተባበሩኝ" የሚል ጥያቄ አለ። ፎቶ ያለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያየዋል ስለተባልኩ ለጡረታ መታወቂያ የተነሡትን ጉርድ ፎቶ ጨመርኩበት። በዚያ ፎቶ ላይ ሓወቦይ ቆፍጠን ብለው፣ ነጠላ ለብሰው፣ ሩቅ ያያሉ። ግሩፑ ደግሞ የማንንም ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ አሳይቶ ይቆርጥና "ተጨማሪ አንብብ" ይላል። የት ላይ እንደቆረጠው ልንገርህ? "በድንገት" ላይ።

የመጀመሪያው መላሽ እንደ ደንቡ "ወዲ መን እዮም?" አለ። ሁለተኛው "ነፍስ ይማር" አለ።

አለቀ። አንድ ሰው ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ የሚያነብ ማን አለ? ነፍስ ይማር ሲወርድ ሲወርድ ስልኬ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "መንግስተ ሰማይ የዋርሶም" የሚሉ፣ ሻማ የሚለጥፉ፣ "ወይለየ! ትናንት እኮ ደህና ሆነው አይቻቸዋለሁ" የምትል። ትናንትማ ደህና ነበሩ። ዛሬም ደህና ናቸው!

ደንግጬ "ወገኖቼ፣ አልሞቱም!" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው "እውነት ብለሃል ወንድሜ፣ ደግ ሰው አይሞትም" አለኝ። ብዙ ሰው ወደደለት። "በሕይወት አሉ እያልኳችሁ ነው!" አልኩ። "በልባችን ውስጥ!" አለች አንዷ፣ ከሦስት ልብ ጋር። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ፤ እኔ ባስተባበልኩ ቁጥር ሐዘኔ የጠናብኝ እየመሰላቸው ያጽናኑኛል። አንድ የሥነ ልቦና ሰው "መካድ የሐዘን የመጀመሪያ ደረጃ ነው፣ ብቻህን አትሁን" ብሎ መከረኝ። በነገርህ ላይ በዚያ ግሩፕ ከጥያቄው ጋር የተያያዘ ሙያዊ መልስ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽሑፍ አንዴ ከወጣ የሚያጠፋው አድሚኑ ብቻ ነው። ፈልጌ ጻፍኩለት፦ "እባክህ ስሕተት ተፈጥሯል፣ አጥፋልኝ"። ቶሎ መለሰ፣ መቼም ለዚህ አይታማም። "እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ሁሉም እንዲያየው ከላይ ሰቅለንልሃል" አለኝ።

ሓወቦይ ስልካቸው ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት የሚባል አያውቅም። እንግዲህ የስልክ ወሬ ነው፣ ነገ ይረሳል አልኩ። ምን ላድርግ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ንግግሩን ልንለማመድ በእግሬ ወደ ቀዳማይ ወያነ ሄድኩ። ገና ከመታጠፊያው ሳልደርስ ለቅሶ ሰማሁ። ጠጋ ስል የግቢው አጥር ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የዕድር ሰዎች ከጋሪ ላይ የድንኳን ብረት እያወረዱ ነው። ዳቦ የያዘ አለ። አንዱማ ጄሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክሞ መጥቷል። በዚህ ውሃ በሚያጥርበት ከተማ ጄሪካን ሙሉ ውሃ ይዞ ለቅሶ የሚመጣ ሰው ኀዘኑ ቀላል አይደለም። አብዛኞቹን አላውቃቸውም። ነፍስ ይማር ብለው የጻፉት ሰዎች ናቸው፤ ጽፈው አላበቁም፣ መጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ላቁም። ያኔ በጦርነቱ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ዘመን ስንቱ ሞቶ ሳንሰማ ቀረን። እኔ ራሴ የእናቴን እናት ሞት ደሴ ከተቀበሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሰማሁት። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው "እናትህ እንዴት ናቸው?" ብለህ መልሱን ስትጠብቅ የሚሰማህን ፍርሃት እዚህ ያልነበረ አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ የመቐለ ሰው ለቅሶ ሰማ ማለት ተነሣ ማለት ነው። የማን እንደሆነ ኋላ ይጣራል። ሰዎቹ ላይ እንድቆጣ ብትፈልግ ፈልግ፣ በዚህስ አልችልም። በሌላ በሌላው እቆጣለሁ።

ታዲያ ሓወቦይ የት አሉ? ቤታቸውን አየሁ፣ ተቆልፏል። ለካ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ በራቸው ላይ ለቀስተኛ ተቀምጦ አገኙ። አደይ ለምለም አሟቸው መሰንበታቸውን ያውቃሉ። "እህ፣ ምስኪን ለምለም አረፈች" አሉ በልባቸው። ለቅሶ ላይ ደግሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሳያውቅ መጣ ያሰኛል። ስለዚህ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የራሳቸው ለቅሶ ላይ።

ያወቅኳቸው በስቅታው ነው። ትከሻቸው ዘለል ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ዘለል ይላል። አጠገቤ የቆመች ሴት ከንፈሯን መጠጠች። "እነዚያን አባት አየሃቸው? ከመጣሁ ጀምሮ ትከሻቸው አላረፈም። እንዴት ቢወዷቸው ነው!" አለችኝ። ወደ እሳቸው ልሮጥ ስል ባጃጅ መጥታ ቆመች፤ ከውስጧ አይተ ግርማይ ወረዱ። በሴትየዋ ጀርባ ሸሸግ አልኩ።

ለካ ጠዋት የሰፈራቸው ባለ ባጃጅ ስልኩን አሳይቷቸው፣ በዚያው ባጃጅ ነው የመጡት። ዓይናቸው ቀልቷል። ቦታ ያለው ከጫፉ ላይ ነውና ከተከናነቡት ሽማግሌ አጠገብ ዘፍ አሉ። ከዚያ ለጎረቤታቸው፣ ማን መሆኑን ሳያዩ፣ ኀዘናቸውን ያወጡ ጀመር። በትግርኛ ነው ያሉት፤ እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጨው ይቀንሳል።

"ወንድሜ፣ አንተስ ከየት ታውቀዋለህ? እኔ በአሰብ መንገድ ነው የማውቀው" አሉ። "የግራት ካሕሱን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬን በጠሰብኝ። የጫንኩት ሲሚንቶ ነበር። እሱ ከፊቴ ነው፤ በመስታወት አይቶኝ ጥሎኝ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ቀስ ብሎ የመኪናውን ኋላ ሰጠኝ። ተደግፌበት እሱ በራሱ ፍሬን ሁለታችንንም አቆመን። መኪናው ከኋላ ተጨፈለቀ፣ ከአለቃው ጋር ተጣላ፣ እኔ ግን ይኸው ልጅ ወለድኩ።"

የተከናነቡት ሽማግሌ ስቅ አሉ።

"አልቅስ ወንድሜ፣ ይገባዋል" አሉ አይተ ግርማይ። "ነገ እኮ ቤቴ ሊመጣ ነበር። ልጄን ለወንድሙ ልጅ ሊጠይቀኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ላመላልሰው፣ ትንሽ ልኮራበት አስቤ ነበር። ነፍሴን ለሰጠኝ ሰው! አሁን አንድ ጊዜ ቢመጣልኝ፣ እምላለሁ፣ አፉን ሳይከፍት ነበር የምሰጠው።"

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተና አደይ ለምለም በትራቸውን ተመርኩዘው ወጡ። ለቅሶውን ሰምተው ማን እንደሞተ ሊያዩ ነው። ሓወቦይ ሞታለች ያሏትን ሴት በሁለት እግሯ ቆማ አዩዋት። ግርማይ ሲያወራ የገዛ ታሪካቸውን ሰምተው ጆሯቸውን ጠርጥረው ነበር፤ አሁን ጭራሽ ግራ ገባቸው። ወደ አይተ ግርማይ ዞር ብለው "ግርማይ ዓርከይ፣ ወዳጄ፣ የሞተው ማን ነው?" አሉ።

"ተስፋይ ነዋ!"

"የትኛው ተስፋይ?"

አይተ ግርማይ ቀና አሉ። የሓወቦይ ነጠላ ከፊታቸው ወረደ። ከዚያ የሆነውን በደንብ ልነግርህ አልችልም፤ የድንኳን ብረት የያዙት ሰዎች ብረቱን እግራቸው ላይ ለቀው ይጮሃሉ፣ ሴቶቹ በስመ ሥላሴ ይላሉ፣ ጄሪካኑ ተደፋ። አይተ ግርማይ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወደቁ። ሓወቦይ ተስፋይ ደግሞ መሞታቸውን ገና አሁን መስማታቸው ስለሆነ፣ አፋቸውን ከፍተው ዝም አሉ። ዝም እንዳሉ ቀሩ። ስቅታው ቆሟል።

አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ "ተጨማሪ አንብብ" የሚለውን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ነካው። ለሕዝቡ ጮክ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። "ጥያቄ ነው እኮ!" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወዳጄ፣ ያን አስተያየት ለማንም አልመኝም። "ታዲያ ከመጀመሪያው ስቅታ ነው አትልም?" አለችኝ ያቺ ከንፈሯን የመጠጠችው።

አይተ ግርማይ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። ሓወቦይን አቅፈው ሳሙ፣ አለቀሱ፣ ሰደቡ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ያሉት ትዝ አላቸው መሰለኝ። ባጃጇን በዓይናቸው ፈለጉና "እንግዲህ ደህና ነህ፣ ነገ እንገናኛለን" ብለው ራመድ ሲሉ ሓወቦይ እጃቸውን ያዙ።

"ግርማይ፣ ቅድም ምን አልከኝ?"

"ለአንተ ምንም አላልኩም። ለሟች ነው ያልኩት። ሟች ከሌለ ቃሉም የለም" አሉ አይተ ግርማይ፤ እውነትም ሽማግሌ መመለስ ያውቁበታል።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሓወቦይ ደግሞ አፋፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። "እንግዲያው ሕያው ሆኜ እጠይቃለሁ" አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እዚያው አቧራው ላይ፣ የእሑዱን ንግግር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆራረጥ አንበለበሉት። ሲጨርሱ ወንበር ቀረበላቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስለት አይቀመጥማ!

አደይ ለምለም አዩና በትራቸውን ይዘው አጠገባቸው ቆሙ። ከዚያ ያ ባለ ጄሪካኑ ተነሣ። ከዚያ ባለ ዳቦዋ። አንድ በአንድ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ እስኪሆን፣ ለቀስተኛው በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ማንም ማንንም አልጠራም። እንዳልኩህ ሦስት ሽማግሌ መመለስ ለአይተ ግርማይ ቁርሳቸው ነው። መንገድ ሙሉ ሽማግሌ ግን አይተው አያውቁም።

"ነገ ኑ፣ ቤቴ" አሉ። ቆመናል። "ደግ አይደለም፣ ሰው ምን ይላል?" አሉ። ሰው ቆሟል። ፀሐይዋ ከረረች። አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋ እንደገና ቆመች። አይተ ግርማይ እሷን አይተው ተሸነፉ። "ተቀመጡ" አሉ። "ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ በቃ!"

እልልታው ግማሹ በቆመው ድንኳን ሥር ቀለጠ። የለቅሶው ዳቦ እዚያው ተቆረሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የያን ቀን እውነተኛ ለቀስተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። እነዚያ መልስ ጠይቄያቸው ሻማ የላኩልኝ ሰዎች፣ ለማያውቁኝ ሰው፣ ፀሐይ ላይ ቆሙልኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ይሄ ነው አልኩ። ሰው መልስ አይሰጥም፤ ሰው ይመጣል አልኩ። ይሄን የመሰለ ብዙ የሚያምር ነገር አልኩ። ተማሪ ቢጽፈው ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ነበር።

በዚያው ስሜት ባጃጅ ይዤ ለምሕረት ላበስር ወደ ዓይደር በረርኩ። ከመስኮቱ ኋላ ናት፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ። ከኋላዬ የሐኪም ወረቀት የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሁሉንም ከአፌ እየተደናቀፈ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። እንደ አባቷ አይደለችም፣ ትሰማለች።

"ከማክሰኞ ጀምሮ ስቅታ ይዟቸዋል?" አለች።

አዎ አልኳት።

"እኔ ምንድን ነው የምሠራው?"

መድኃኒት ቤት አልኳት።

"ጠየቅከኝ?"

ወረፋው ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል።

"እሺ ስቅታውን ተወው" አለች። "ለእኔ ጋብቻ አባቴ ተጠየቀ። ሓወቦኻ ተስፋይ ተጠየቁ። ርእሰ መምህርህ ተጠየቀ። ድንኳን የሚተክል ሰው ሥራውን አቁሞ ቆመልህ። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሽማግሌ ልልክ ነው ስልሽ ሳቅሽ እኮ አልኳት። ነገርከኝ፣ አልጠየቅከኝም አለች። ማሰብ ጀመርኩ። እውነቷን ነው። ወዳጄ፣ እውነቷን ነው! እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ሳል የያዘው ሽማግሌና ሕፃን ያቀፈች እናት ከኋላዬ እየሰሙ፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ አልምልም።

"ላስብበት" አለችና ተረኛውን ጠራች።

ይኸው እያሰበችበት ነው። እኔ ግን ከቀዳማይ ወያነ እስከ ሰሜን ያለፍኩበት መንገድ ሁሉ የማላውቃቸው ሰዎች ያስቆሙኛል። ጄሪካን የተደፋበት፣ የድንኳን ብረት እግሩ ላይ የወደቀበት፣ ልጇን አውርዳ የታቀፈችው፤ ሽማግሌዎቼ ናቸውና ማለፍ አልችልም። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰርጉ መቼ ነው? መልሱን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የለችም።